ቀዳዳው ነው ጉዳዩ፦ የቦውሊንግ ዕቃ ከኦንላይን ወይስ ከሱቅ?

የመጀመሪያ ኳሴን ያዘዝኩት አልጋ ላይ ተጋድሜ ነው። ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት አልፏል፣ ስልኬ እጄ ላይ ነው፣ ኳሱ ደግሞ ሰማያዊና ጥቁር ቅልቅል ሆኖ እንደ እብነ በረድ ያብረቀርቃል። ገጹ ላይ «የእጅዎን ልክ ያስገቡ፣ በስተን እንልክልዎታለን» ይላል። ተነሳሁ፣ ማስመሪያ ፈለግኩ፣ ጣቶቼን ለካሁ። በማስመሪያ! አሁን ሳስበው ራሴን በኩርኩም ማለት ያምረኛል።

ኳሱ በሰላም ደረሰ። ሦስተኛው ጌም ላይ አውራ ጣቴ ውሃ ቋጠረ። አራተኛው ላይ ፈነዳ። «አዲስ ስለሆነ ነው፣ ይለምዳል» ብዬ ሁለት ሳምንት ሙሉ ፕላስተር እየለጠፍኩ ወረወርኩ። የቦውሊንግ ኳስ ግን ጫማ አይደለም፣ ውሎ ሲያድር አይሰፋም። በመጨረሻ ተሸክሜው ወደ ሱቅ ሄድኩ። ሰውየው ኳሱን ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ አየና ጣቶቼን እንዳስገባ ጠየቀኝ። ከዚያ ሳቁን ዋጥ አድርጎ «ወንድሜ፣ ይሄን የበሳልህ ሰው እጅህን አይቶት ያውቃል?» አለኝ።

አያውቅም።

ሦስቱም ቀዳዳዎች ተደፍነው እንደገና ተበሱ። መድፈኛው ፈሳሽ ነው፣ ቀዳዳው ውስጥ ፈስሶ እስኪጠነክር ይጠበቃል፣ ስለዚህ ኳሱን እዚያው ትቼ ባዶ እጄን ተመለስኩ። ከኦንላይን በመግዛቴ ያተረፍኳት ገንዘብ ለመድፈኛና ለመብሻ ሄደች። ከኪሴም ጨመርኩ።

ይህን የማወራችሁ ኦንላይን አትግዙ ለማለት አይደለም። እኔ ራሴ ዛሬም ብዙውን ነገር የማዝዘው በስልኬ ነው። እጃችሁ ውስጥ የሚገባውን ነገር ግን እጃችሁን ይዞ ከሚያይ ሰው ግዙ፣ ወይም ቢያንስ እሱ ይብሳላችሁ። የቀረውን ካገኛችሁበት።

መጀመሪያ ስለ ልኩ

ኳስ ከፋብሪካ ሲወጣ ቀዳዳ የለውም። ድቡልቡል ነገር ነው። ከጎን ወደ ጎን 21.6 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ ክብደቱ ቢበዛ 16 ፓውንድ፣ ማለትም 7.26 ኪሎ። ስቶርም ይሥራው፣ ብረንስዊክ ይሥራው፣ ሞቲቭ ይሥራው፣ ሱቅ መደርደሪያ ላይ ያለውና በፖስታ የሚመጣላችሁ ያው ሞዴል ያው ኳስ ነው። በዚህ በኩል ሱቁ ምንም የተለየ ነገር የለውም። ልዩነቱ የሚጀምረው መሰርሰሪያው ሲነሳ ነው።

ጥሩ ባለሙያ ሲለካ አይታችሁ ካላወቃችሁ እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁ። መጀመሪያ ያወራችኋል። በየትኛው እጅ ነው የምትወረውሩት፣ በሳምንት ስንት ጌም፣ የእጅ አንጓ ወይም የክርን ሕመም አለ ወይ። ከዚያ እጃችሁን ይዞ አውራ ጣታችሁን ወደ ኋላ ቀስ አድርጎ ያጥፈዋል፣ ምን ያህል እንደሚታዘዝ ለማየት። ቀጥሎ ብዙ ቀዳዳ ያለው የመለኪያ ኳስ ያመጣና አውራ ጣታችሁን ከአንዱ ወደ ሌላው ያዘዋውራል። ትክክለኛው ቀዳዳ ልክክ ይላል፣ ግን ሲወጣ አይዝም። ጠባብ ከሆነ ጣታችሁ ተይዞ ኳሱ ዘግይቶ ይለቃል። ሰፊ ከሆነ ደግሞ ሳታውቁት እንዳይወድቅባችሁ ጨምቃችሁ ትይዙታላችሁ፣ እኔን የላጠኝ ይሄኛው ነው።

ከዚያ ስፓን የሚባለው አለ፣ ከአውራ ጣት ቀዳዳ እስከ ሁለቱ ጣቶች ያለው ርቀት። አውራ ጣታችሁን ሙሉ በሙሉ አስገብታችሁ እጃችሁን ኳሱ ላይ ዘርግታችሁ ሳለ በሚተጣጠፍ ማስመሪያ ይለካዋል። የመሃል ጣትና የቀለበት ጣት ለየብቻ ነው የሚለኩት፣ ምክንያቱም እኩል አይደሉም። ስፓኑ ከረዘመ መዳፋችሁ ይወጠርና የአውራ ጣታችሁ ሥር ይታመማል። ካጠረ ደግሞ ትጨምቃላችሁ። መጨረሻ ላይ ፒች፣ ማለትም ቀዳዳው ወደ ኳሱ መሃል ሲገባ ወደየት ያዘነብላል የሚለው። ይህን በማስመሪያ ቤት ቁጭ ብሎ መለካት አይቻልም። እኔ እንዲህ የሚባል ነገር መኖሩንም አላውቅም ነበር።

አንድ ትንሽ ምክር፣ ብዙ ሰው የማይነግራችሁ፦ ለመለካት ስትሄዱ መጀመሪያ አንድ ሁለት ጌም ወርውሩ። አውራ ጣት ሲሞቅ ያብጣል። ከብርድ ገብታችሁ ቀጥታ ከተለካችሁ ለቀዘቀዘ ጣት የተበሳ ኳስ ይዛችሁ ትወጣላችሁ።

አያያዙም ሁለት ዓይነት ነው። ሌኑ (ኳሱ የሚንከባለልበት መንገድ) አጠገብ ተደርድረው የምታገኟቸው የመጫወቻ ቤቱ ኳሶች ጣቶቻችሁን እስከ ሁለተኛው መገጣጠሚያ ያስገባሉ። ሌላው ፊንገርቲፕ ይባላል፣ ጣቶቹ የሚገቡት እስከ መጀመሪያው መገጣጠሚያ ብቻ ነው፣ ኳሱን በደንብ ለማሽከርከር ይረዳል። መጀመሪያ ግር ይላል። ኳሱ ከእጃችሁ የሚያመልጥ ይመስላችኋል፣ ከጥቂት ቀን በኋላ ግን ወደ ድሮው መመለስ አትፈልጉም። በፊንገርቲፕ ላይ ብዙውን ጊዜ ለሁለቱ ጣቶች የጎማ ማስገቢያ፣ ለአውራ ጣት ደግሞ የፕላስቲክ ማስገቢያ ይጨመራል። ዋጋ ስታወዳድሩ እነዚህን አትርሱ፣ ሱቁ ጠቅላላውን ነግሯችሁ ኦንላይን የኳሱን ብቻ ሲያሳያችሁ ነው ሰው የሚሸወደው።

ኦንላይን ላይ ቀድሞ ተበስቶ «ትንሽ፣ መካከለኛ፣ ትልቅ» እየተባለ የሚሸጥ ኳስ ካያችሁ እለፉት። ያ የቤቱ ኳስ ነው፣ ልዩነቱ የናንተ መሆኑ ብቻ።

ክብደትና ሽፋን

ስለ ክብደት ሰው ሁሉ የራሱ ቀመር አለው። እኔ የማምነው በልኩ የተበሳ ኳስ ከቤቱ ኳስ ቀለል ብሎ እንደሚሰማ ነው፣ ምክንያቱም ጨምቃችሁ አትይዙትም። የቤቱን 12 ፓውንድ በምቾት የምትወረውሩ ከሆነ የራሳችሁን 13 ወይም 14 ሞክሩ። ግን ሞክሩ ነው ያልኩት። ሱቅ ውስጥ አንስታችሁ፣ አወዛውዛችሁ፣ ክንዳችሁ ምን እንደሚል ሰምታችሁ። ስክሪን ላይ 14 እና 16 አንድ ናቸው፣ ጣት ነክቶ ነው የሚመረጠው።

ሽፋኑን በተመለከተ ግን ለኦንላይን ገዥ የሚጠቅም ነገር አለ፣ እሱን ካወቃችሁ ከግማሽ በላይ የሆነውን ማስታወቂያ ዝም ብላችሁ ማለፍ ትችላላችሁ። ፕላስቲክ ሽፋን ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ዩሬቴን ቀስ ብሎ፣ ሳይደናገጥ ይታጠፋል። ሪአክቲቭ ሬዚን የሚባለው፣ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ መጥቶ ጨዋታውን የቀየረው፣ ሌኑ ላይ የሚቀባው ዘይት ላይ ተንሸራቶ ደረቁ ላይ ሲደርስ ነክሶ ይታጠፋል። ሌኑ ከመነሻው መስመር እስከ መጀመሪያው ፒን (ኳሱ የሚጥለው፣ ጠርሙስ የመሰለው) 60 ጫማ ነው፣ በተለመደው የዘይት አቀባብ ወደ 40 ጫማ ገደማው ዘይት አለው፣ የቀረው ደረቅ ነው። ኳሱ የሚታጠፈው እዚያ ነው።

ስለዚህ ቪዲዮ ላይ አንድ ጎበዝ ሲወረውረው ሌኑን አቋርጦ የሚመጣ ኳስ በናንተ እጅ እንደዚያ ላይሆን ይችላል። እሱ ፍጥነት አለው፣ ሽክርክሪት አለው። ቀስ ብሎ የሚወረውር ሰው በጣም በኃይል የሚታጠፍ ኳስ ከያዘ ኳሱ ገና መሃል ላይ ጉልበቱን ይጨርስና ፒኖቹ ጋ ሲደርስ ሞቶ ይደርሳል። ለመጀመሪያ ኳስ በመካከለኛ ወይም በመጠኑ የሚታጠፍ ሪአክቲቭ ይበቃል። ለስፔር፣ ማለትም ከመጀመሪያው ውርወራ የቀሩትን ፒኖች ለመጣል ብቻ የሚሆን ቀጥ ያለ ፕላስቲክ ኳስ ከፈለጋችሁ ደግሞ ብዙ አታስቡ፣ በቀለሙ ምረጡ። እውነቴን ነው።

ሱቁም መልአክ አይደለም

ሁለተኛ ኳሴን ከሱቅ ገዛሁ፣ ከመጀመሪያው ተምሬ መሰለኝ። ልኩን አላማውም፣ ጣቴ ምቹ ነበር። ነገር ግን ሻጩ ስወረውር አላየኝም። ምን ዓይነት ኳስ እንደምፈልግም ብዙ አልጠየቀኝም። ከመደርደሪያው ላይ አንዱን አወረደና «ይሄ ጉድ ነው፣ አሁን ሁሉም የሚወስደው ይሄን ነው» አለኝ። ኋላ ሳጣራ ሱቁ ውስጥ የቀረ አሮጌ ክምችት ነበር። በዘይት ለተሞላ ሌን የተሠራ ኃይለኛ ኳስ፣ እኔ ደግሞ ቀስ ብዬ የምወረውር ሰው። ከላይ «ሞቶ ይደርሳል» ያልኩት ከዚህ የመጣ ነው።

እና ሱቅ ስትገቡ ባለሙያውን እናንተም ለኩት። ወደ መደርደሪያው ከመጠቆሙ በፊት ይጠይቃል? አንድ ሁለት ጊዜ ስትወረውሩ ላይህ ይላል? ከወረወራችሁ በኋላ ኳሱ ሲመለስ ላዩ ላይ ቀጭን የዘይት ቀለበቶች ታያላችሁ፣ ብርሃን ላይ ዘንበል ስታደርጉት ጎልተው ይታያሉ። ኳሱ በየትኛው ዘንግ እንደተሽከረከረ የሚናገሩት እነሱ ናቸው። ቀለበቶቹን አይቶ፣ ቴፕ ለጥፎ ዘንጋችሁን የሚፈልግ ሰው ካገኛችሁ አትልቀቁት። ያ ልክ ቀዳዳዎቹ ከኳሱ ኮር (ውስጡ ካለው እምብርት) አንጻር የት እንደሚቀመጡ ይወስናል፣ አንድ ኳስ ቶሎ እንዲታጠፍ ወይም እንዲዘገይ የሚያደርገውም ይሄ አቀማመጥ ነው። ሻጩ «ለሁሉም ሰው አንድ ዓይነት ነው የምበሳው» ካላችሁ ግን አመስግናችሁ ውጡ።

የሱቅ ሌላው ችግር ምርጫ ነው። የፈለጋችሁት ሞዴል የለም፣ ሞዴሉ ካለ ክብደቱ የለም፣ ክብደቱ ካለ የምትጠሉት ብርቱካንማ ብቻ ነው ያለው። ማዘዝ ይችላል ግን። ብዙ ሰው ይህን አይጠይቅም። ኦንላይን ያያችሁትን ስሙን ጽፋችሁ ውሰዱና «ይሄን ልታመጣልኝ ትችላለህ፣ ከነመብሻው ስንት ይሆናል?» በሉት። አንዳንዴ ልዩነቱ ከምትገምቱት ያንሳል፣ በተለይ የከባድ ዕቃ ማጓጓዣ ሲታሰብ። ሰባት ኪሎ ድንጋይ በፖስታ ማስመጣት ቀላል ወጪ አይደለም፣ ድንበር የሚሻገር ከሆነ ደግሞ ቀረጥም አለ።

እሺ፣ ከኦንላይን ለመግዛት ወስናችኋል

ጥሩ። ሞዴሉ ተቋርጦ ሌላ ቦታ ላይገኝ ይችላል፣ ዋጋውም በግልጽ የሚሻል ይሆናል። ያልተበሳውን እዘዙ። ከማዘዛችሁ በፊት ግን የሚበሳላችሁን ሰው አናግሩ። ከሌላ ቦታ የመጣ ኳስ የሚበሳ ከሆነ፣ ስንት እንደሚያስከፍል፣ ማስገቢያዎቹ በዚያ ውስጥ መሆን አለመሆናቸውን ጠይቁ። አንዳንዱ ሱቅ ከራሱ ለገዛ ሰው መብሻውን ቀንሶ፣ ከውጭ ላመጣ ሰው ሙሉውን ያስከፍላል። አትቆጡበት። እንጀራው ነው። ኦንላይን ያያችሁት ዋጋ ላይ ይህን ደምሩና ከዚያ አወዳድሩ።

ገጹን ስታነቡ ፎቶውን ትታችሁ ወደ ታች ውረዱ። አር ጂ የሚባል ቁጥር ታገኛላችሁ፣ ከ2.46 እስከ 2.80 ባለው መሃል ነው የሚሆነው። ዝቅ ያለው ቶሎ መሽከርከር ይጀምራል፣ ከፍ ያለው ዘግየት ይላል። ዲፈረንሻል የሚለው ቢበዛ 0.060 ነው፣ ከፍ ሲል ኳሱ በየዙሩ አዲስ የላዩን ክፍል ዘይቱ ላይ ያሳርፋል፣ የመታጠፍ አቅሙም ይጨምራል። ልብ በሉ፣ ገጹ ላይ የሚጻፉት ቁጥሮች ብዙውን ጊዜ የ15 ፓውንዱ ናቸው። ከ12 ፓውንድ በታች የሆነ ኳስ የምትገዙ ከሆነ ውስጡ ያለው ኮር ጭራሽ ሌላ ሊሆን ይችላል፣ ማስታወቂያው የሚያወራው ስለ ሌላ ኳስ ነው ማለት ነው።

ቀጥሎ ፒን። የምትጥሉትን ፒን አይደለም የምለው፣ ኳሱ ላይ ያለችውን ትንሽ ባለቀለም ነጥብ ነው፣ የኮሩ ጫፍ ያለበትን የምታሳየውን። ከክብደቱ መሃል ምልክት ምን ያህል እንደምትርቅ በኢንች ይጻፋል። ከ2 እስከ 3 ኢንች የሆነ ለብዙ ሰው ምቹ ነው፣ ባለሙያው እንደፈለገ ያስቀምጠዋል። ከመግዛታችሁ በፊት ለሚበሳላችሁ ሰው ቁጥሩን ላኩለት። ሻጩ ቁጥሩን ጠይቃችሁት የማይናገር ከሆነ ወይ አያውቀውም ወይ ቁጥሩ ደስ አይልም።

በጣም ርካሽ ሆኖ አጠገቡ «ሁለተኛ ደረጃ» ወይም ኤክስ አውት የሚል ካያችሁ አትሩጡ፣ አትሽሹም። ፒኑ ከተለመደው ቦታ ርቆ የወጣ ወይም ቀለሙ የተበላሸ ኳስ ሊሆን ይችላል። ቀለሙ ብቻ ከሆነ ትርፍ ነው። ሌላ ከሆነ ባለሙያችሁ ያውቃል።

ሊግ የምትጫወቱ ከሆነ ደግሞ ኳሱ በተፈቀዱት ዝርዝር ውስጥ መኖሩን አጣሩ። ዩኤስቢሲ፣ የአሜሪካ ቦውሊንግ ኮንግረስ የሚባለው የጨዋታው ሕግ አውጪ፣ የተፈቀዱ ኳሶችን በስምና በፎቶ በድረ ገጹ ላይ ያወጣል። አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

ኳሱ ሲደርስ ካርቶኑን እየከፈታችሁ ቪዲዮ ቅረጹ። ዝም ብሎ ልማድ አድርጉት። ላዩን በመዳፋችሁ ዳስሱ፣ ስንጥቅ ካለ ጥፍራችሁ ይይዘዋል። የተጻፈውን መለያ ቁጥርና ክብደት ከትዕዛዛችሁ ጋር አመሳክሩ። ቅዝቃዜ ላይ የቆየ ከሆነ ደግሞ ቤት ውስጥ ቀስ ብሎ ይሙቅ፣ በረዶ ሆኖ የመጣ ኳስ በዚያው ቀን መሰርሰሪያ ሥር አይገባም። ኳስ የሙቀት ለውጥ አይወድም። ከተበሳ በኋላም ያው ነው፣ ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና የዕቃ መጫኛ ውስጥ የቀረ ኳስ ቀዳዳዎቹ መሃል ተሰንጥቆ ይገኛል።

ሁሉም ነገር ደህና መሆኑን ሳታረጋግጡ ወደ መብሻ አትውሰዱት። የተበሳ ኳስ አይመለስም፣ የትም።

የተጠቀሙበት ኳስ

ጥቅም ላይ የዋለ ኳስ ርካሽ ነው፣ ግን አስሉት። ይደፈናል፣ ይበሳል፣ ማስገቢያ ይገባል። ያ ሁሉ ተደምሮ አዲስ መካከለኛ ኳስ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ሪአክቲቭ ከሆነ ደግሞ ሽፋኑ ለብዙ ጌም ዘይት ሲጠጣ ቆይቷል፣ ያ ዘይት ካልወጣለት እንደ ቀድሞው አይነክስም። ሻጩን በግልጽ ብርሃን ያነሳው ፎቶ ጠይቁት፣ በተለይ ቀዳዳዎቹ መሃል ያለውን ቦታ። ብልጭታ በዝቶበት የተነሳ ፎቶ አንድ ነገር እየደበቀ ነው።

አራተኛ ቀዳዳ ያለው አሮጌ ኳስ ካጋጠማችሁም ተጠንቀቁ። ድሮ ሚዛን ለማስተካከል የሚበሳ ተጨማሪ ቀዳዳ ነበር። እ.ኤ.አ. ከኦገስት 1፣ 2020 ጀምሮ በዩኤስቢሲ ሕግ ጣት የማይገባበት ቀዳዳ አይፈቀድም። ለጓሮ ጨዋታ ምንም አይደል፣ ለሊግ ግን ያ ቀዳዳ መደፈን አለበት።

ጫማ

ጫማ ከኳሱ በፊት ቢገዛ ደስ ይለኛል። የሚከራየው ጫማ ሁለቱም እግር ይንሸራተታል፣ ስንት ሰው እንዳደረገውም አይጠየቅም።

ርካሾቹ ጫማዎች እንደ ኪራዩ በሁለቱም እግር የሚንሸራተቱ ናቸው፣ እነሱን ከኦንላይን ብታዝዙ የሚያስቸግረው ቁጥሩ ብቻ ነው። ከፍ ያሉት ግን አንዱ እግር ይንሸራተታል፣ ሌላው ይይዛል። በቀኝ እጁ የሚወረውር ሰው የሚንሸራተተው በግራ እግሩ ነው። ስለዚህ ጫማው የቀኝ እጅ ወይም የግራ እጅ እየተባለ ይሸጣል። ኦንላይን ላይ ይህቺን ምርጫ ሳታዩ «ግዛ» የምትለዋን ከተጫናችሁ የመጨረሻው እርምጃ ላይ ሌኑ ጠርዝ ላይ እንደ ችካል ትቆማላችሁ፣ ሰውነታችሁ ግን ወደ ፊት ይሄዳል። ጓደኛዬ ላይ ደርሷል። ግራኝ ነው፣ ያዘዘው የቀኝ። እኛ ሳቅን፣ እሱ ግን ጉልበቱን ለሳምንት ያህል አሸት አሸት ሲያደርግ ነበር።

ሶሉና ተረከዙ የሚቀየሩ ጫማዎችም አሉ። ከመወርወራችሁ በፊት የምትራመዱበት ወለል አንዳንዱ ቦታ ያዳልጣል፣ አንዳንዱ ይይዛል፣ እንደዚያው ትቀያይራላችሁ። ለጀማሪ አያስፈልግም፣ በሳምንት ሁለት ሦስቴ ለሚጫወት ግን ገንዘቡን ያወጣል። የጫማ ቁጥር ከብራንድ ብራንድ ስለሚለያይ የምታውቁትን ብራንድ ከሆነ ከኦንላይን፣ ካልሆነ በምትጫወቱበት ካልሲ ሱቅ ሄዳችሁ ለኩ። እና በዚያ ጫማ ውጭ አትውጡ። ሶሉ ውሃ ከነካው መንሸራተት ያቆማል።

ቦርሳና ትንንሾቹ ነገሮች

ይሄ የኦንላይን ግዛት ነው። ቦርሳ፣ ፎጣ፣ የአውራ ጣት ቴፕ፣ ማጽጃ፣ የእጅ አንጓ መደገፊያ፣ ምርጫው ሰፊ ነው፣ ዋጋውም ይሻላል። ቦርሳ ላይ ጎማውን ብቻ እዩ። ትልቅና ለስላሳ ጎማ ያለው ይግዙ፣ ሁለት ኳስ ማለት እኮ እስከ 14.5 ኪሎ ነው፣ ትንንሾቹ የፕላስቲክ ጎማዎች በመጀመሪያው ደረጃ ላይ ይሰናበታሉ። ፎጣ ማይክሮፋይበር ይሁን። ከእያንዳንዱ ውርወራ በኋላ ዘይቱን ጥረጉ።

ማጽጃ ፈሳሽ ስትገዙ የተፈቀደ መሆኑን ገጹ ላይ ፈልጉ። በዩኤስቢሲ ሕግ እ.ኤ.አ. ከ2019 ወዲህ ውድድር ላይ ኳስ የሚጠረገው በደረቅ ፎጣ ብቻ ነው፣ ፈሳሹ ከጨዋታው በፊትና በኋላ ነው።

የእጅ አንጓ መደገፊያውን ግን መልሼ ልውሰደው። ያንን እጃችሁ ላይ ሞክራችሁ ግዙ። ኦንላይን ያዘዝኩት አንዱ አሁንም መሳቢያ ውስጥ አለ፣ ጠቦኝ።

ቴፑን አትናቁት። አውራ ጣት ጠዋትና ማታ አንድ አይደለም፣ በጨዋታ መሃል ያብጣል፣ ቀዝቀዝ ሲል ይከሳል። ቀዳዳው ውስጥ አንድ ሁለት ቁራጭ ትለጥፋላችሁ፣ ሲያብጥ አንዱን ትላጥላችሁ። በደንብ የተበሳ ኳስም ቢሆን ያለ ቴፕ አይኖርም።

ዋስትና

አምራቾች አብዛኛውን ጊዜ ለስንጥቅ የተወሰነ ጊዜ ዋስትና ይሰጣሉ። ግን ደረሰኝ ይፈልጋሉ፣ ከተፈቀደላቸው ሻጭ የተገዛ መሆኑንም ያያሉ። ከማይታወቅ ገጽ ላይ ከሁሉም አንሶ የተገኘ ዋጋ ብዙ ጊዜ የሚያንሰው እዚህ ላይ ነው። ሱቅ ከሆነ ኳሱን ይዛችሁ ትገባላችሁ፣ ሰውየው ያየዋል፣ ከአምራቹ ጋር የሚያወራው እሱ ነው። ከኦንላይን ከሆነ ፎቶና ኢሜይል የሚመላለሰው የናንተ ነው፣ ኳሱንም መልሳችሁ እንድትልኩ ከተጠየቃችሁ የማጓጓዣውን ማን እንደሚከፍል አስቀድማችሁ አንብቡ።

አንድ ነገር ሳትይዙ ከሱቅ እንዳትወጡ

የልካችሁን ወረቀት ጠይቁ። ሁለቱ ስፓኖች፣ የሦስቱ ቀዳዳዎች ስፋት፣ የፒቾቹ ቁጥር፣ የዘንጋችሁ ልክ፣ ሁሉም አንድ ካርድ ላይ ይጻፋል። ለመለካት ከፍላችኋል፣ ስለዚህ አትፈሩ፣ ጠይቁ። ካርዱን በስልካችሁ አንሱት። ቀጣዩን ኳስ ከኦንላይን ብትገዙ እንኳን ለየትኛውም ባለሙያ ሰጥታችሁ ማስበሳት ትችላላችሁ። ቢሆንም በየጊዜው እንደገና ተለኩ፣ እጅ ይለወጣል፣ ስትከሱም ስትወፍሩም።

የእኔ ካርድ አሁንም ስልኬ ውስጥ አለ። ቁጥሮቹ ሥር ያ ሰውዬ በእስክሪብቶ አንድ መስመር ጨምሮበታል፦ «ጥፍሩን ይቁረጥ።»